ወፍራሙ ፊደል፣ ቀጭኑ ፊደልና ጋሽ ታደሰ

በፊደል መልክ የሚጣላ ሰው አጋጥሞዎት ያውቃል? እኛ ማኅበር ውስጥ ሞልቷል።

ለፈረንጁ በጋ፣ ለሰመሩ ፒክኒክ የማኅበራችንን ስም ባነር ላይ እናሳትም ተባለ። ሲልቨር ስፕሪንግ የምንኖረው ከኮምፒውተሩ ፊደሎች ወፍራሙን ወደድነው። ከወንዙ ማዶ ያሉት የአሌክሳንድሪያዎቹ አባላት ተጠሪ ጋሽ ታደሰ ግን መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይሄ የቀበሌ ማስታወቂያ ነው» አሉ። «በዚህ ፊደል ስብሰባ ስንጠራ ኖረን ነው አገር ጥለን የወጣነው። እኔ እሱ ሥር ቆሜ ፎቶ አልነሳም።»

እሳቸው የመረጡትን ቀጭን ፊደል ደግሞ የእኛዋ ወይዘሮ አልማዝ አዩትና ከንፈራቸውን መጠጡ። «ይሄማ ሁዳዴን ሙሉ የጾመ ይመስላል። ትንሽ ሥጋ ይልበስ እንጂ።»

ታዲያ ለምን ድምፅ አልሰጣችሁም ይሉኝ ይሆናል። እዚህ አካባቢ ድምፅ የሰጠ ማኅበር ምን እንደሚሆን አላዩም ማለት ነው። የተሸነፈው ወገን በሳምንቱ ሌላ አዳራሽ ይከራያል። እኛ መለያየቱን ስለፈራን፣ በስልክ ከስንት ኮንፈረንስ ኮል ስብሰባ በኋላ፣ ባነሩን ከፊትም ከኋላም አሳተምነው። በአንዱ በኩል ወፍራሙ፣ በሌላው በኩል ቀጭኑ።

የፒክኒኩ ቀን ባነሩን ሁለት ዛፎች መሀል ወጠርነው፤ መጀመሪያ በዚህ በኩል፣ ከዚያ ዞረን በዚያ በኩል ፎቶ ተነሳን። አንድም ሰው አልቀረም።

ሁለቱም ፎቶዎች ሳሎኔ ተሰቅለዋል። በአንዳቸውም ላይ ስማችን አይነበብም። መሀል ላይ ቆመው፣ በዚያ ሰፊ ባርኔጣቸው ፊደሉን ከልለው፣ በሁለቱም ከማናችንም በላይ የሚስቁት ጋሽ ታደሰ ናቸው።