ለኤሊ የለመንኩት አፈር

ኤሊ ወሬ አታበዛም። እኔም አላበዛም። ለዚህ ይመስለኛል የተስማማነው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም ይባል የለ? ዛሬ ግን ትንሽ ላውራ፤ እሷ ስለማትችል ነው።

የምኖረው ሳሊተ ምሕረት አካባቢ፣ ከልጄ ከጥሩወርቅ ጋር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ድሮ እዚሁ ሰፈር ገበሬ ነበርኩ። ትምህርቴ እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው፤ የቀረውን ያስተማሩኝ በሬዎቼ ናቸው። ስለ ከብት ሰው ሊነግረኝ ሲሞክር ፊቴን አጠቁራለሁ። የማወራችሁ ያ ፊቴ ያመጣብኝን ጣጣ ነው።

የልጅ ልጄ ሜላት ስምንት ዓመቷ ነው። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ በጫማ ካርቶን መዳፍ የማትሞላ ኤሊ ይዛ መጣች። ጓደኛዋ ቤተሰቧ ሀገር ሲለቅ አሳድጊልኝ ብላ ሰጥታት ነው። ስሟን "ሩጫ" አለቻት። ጥሩወርቅ ዓሣዎቹ የሞቱበት የመስተዋት ሣጥን ነበራት፤ ውሃ ሞልታ ልትከታት ስትል እጇን ያዝኩ። "የየብስ ናት" አልኩ። "ማሳችን ላይ ስትመጣ በእግሯ ነበር የምትመጣው።" ሣጥኑ ውስጥ በደረቁ አስቀመጥናት።

እዚህ ላይ ባቆም ጥሩ ነበር። ግን አውቃለሁ የሚል ሰው መቼ ያቆማል?

ትንሽ ናት፣ ትፋፋ ብዬ ፉርሽካ አስገዛሁ። ስንቱን ሰንጋ ያደለብኩበት ነው፤ አንዱም አልተማረረም። በውሃ ለወስኩና ፊቷ አኖርኩላት። ሜላት "አባባ፣ ቅጠል ነው እኮ የምትበላው። ስልክ ላይ አይቻለሁ" አለችኝ።

"ስልክ በሬ አደልቦ ያውቃል?" አልኳት።

ኤሊዋ በመጀመሪያው ቀን በላች። በማግስቱ ነካ ነካ አደረገች። ከዚያ አንገቷን ወደ ውስጥ ሳበችና ቀረች። ቀድሞ ከጠዋት እስከ ማታ መስተዋቱን ስትገፋ ነበር የምትውለው፤ እሱንም ተወችው። አልፈረድኩባትም። እኔም በመጣሁ ሰሞን የሳሎኑን የመስተዋት በር ሁለት ጊዜ በግንባሬ ገጭቼዋለሁ።

ሜላት ደግሞ እኔን ማናገር ተወች። የከበደኝ ይሄ ነው። በዚያ ቤት ዝም ማለት የእኔ ሥራ ነበር፤ ቀማችኝ። ጥሩወርቅ "አባዬ፣ እስከ እሁድ ካልበላች ግቢ ላለው ሰው እንሰጣታለን። ዓይኗ እያየ ከምትሞትባት ይሻላል" አለች።

ማክሰኞ ዕለት ኢምፔሪያል አጠገብ ወደ አንዲት የእንስሳት ሐኪም ወሰድናት። ወጣት ናት። ኤሊዋን ገልብጣ አየችና ልብሷን፣ ያንን ድንጋይ የመሰለውን፣ በጣቷ ጫን ጫን አደረገችው። ለስልሷል አለች። ምን እንደምትበላ ጠየቀች። ሜላት እኔን አየችኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ።

"ፉርሽካ" አልኩ በመጨረሻ።

"ምነው አባባ፣ ለፋሲካ ሊያርዷት ነው?" አለችኝ ሐኪሟ።

ከመጠምጠም መማር ይቅደም። ቁጭ ብዬ ተማርኩ። ሣርና ቅጠል ትብላ አለች። በመስተዋት ላይ እግሯ ይንሸራተትና ይከፈታል፤ ሲሚንቶ ያልነካው አፈር፣ ልትቀበርበት የሚበቃ፣ ረጠብ ያለ ይሁንላት። በአንድ በኩል አምፖል ይሙቃት፣ ሌላው በኩል ይቀዝቅዝ፣ እሷ ትምረጥ። መደበቂያ ይኑራት። ውሃው አገጯን የማያልፍ ይሁን። ፀሐይ ደግሞ በመስኮት አይሆንም፤ ጠዋት ጠዋት በረንዳ ትውጣ፣ ጥላም ይኑራት። የመስኮት ፀሐይ ለካ እንደ ጎረቤት ድግስ ነው፤ ታየዋለህ እንጂ አትጠግብም።

ያሳፈረኝ ምን መሰላችሁ? ግማሹን አውቀው ነበር። የሚያንሸራትት ወለል ላይ የተወለደ ጥጃ እግሩ እንደሚከፈት ስንቴ አይቻለሁ። አራተኛ ፎቅ ስወጣ እውቀቴን ታች ጥዬው ወጥቻለሁ።

ልጄ ከአበባ ሻጮች አፈር እንግዛ አለች። አፈር ይገዛል? በማግስቱ ግማሽ ጆንያ ያዝኩና ወደ ድሮ ማሳዬ ሄድኩ። ዛሬ በቆርቆሮ የታጠረ የሕንፃ ቦታ ነው፤ አንዷ ጥግ ብቻ ገና አልተነካችም። ዘበኛው ምን ፈልገው ነው አለኝ። አፈር አልኩት። ለምን አለ። ለኤሊ አልኩት። ዙሪያውን ገላመጠ።

"አባቴ፣ በካሜራ እየቀረጹኝ ነው እንዴ?"

ይህ መሬት የእኔ ነበር አልኩት።

"በዚህ በር ያለፈ ሽማግሌ ሁሉ የእኔ ነበር ይላል። የእኔ አልነበረም ያለኝ አንድ ሰው የለም።"

"እንግዲያው ቆፍር" አልኩት። "አንድ ክንድ ስትወርድ ጥቁሩ ያልቅና ቀይ ይመጣል።"

ቆፈረ። ቀይ መጣ። ቀና ብሎ አየኝና ጆንያውን እሱ ራሱ ሞላልኝ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይሄ አይደል? እየተሸከምኩ ስመለስ አፈሩ ሸተተኝ። ዝናብ የነካው የግንቦት እርሻ ሽታ ነው። ሁለት ቦታ ቆሜ አረፍኩ። ከብዶኝ አይደለም።

ከአሮጌ ቁም ሣጥን ጎኑ የማያሳይ ሣጥን ሠራሁ። በአንድ ጫፍ አምፖል አንጠለጠልኩ፣ በሌላው የተሰበረ ማሰሮ ግማሹን ደፋሁላት፣ ስፋት ባለው ማስቀመጫ ውሃ አኖርኩ። አፈሩን አለበስኩና ጠዋት ጠዋት ውሃ አርከፈከፍኩበት። ሩጫ ማሰሮዋ ሥር ገብታ ተቀበረች። ሐሙስ ጎመን ሰጠናት፣ አልነካችም። ዓርብም ቅዳሜም እንዲሁ።

እሁድ ጠዋት ጥሩወርቅ ካርቶኑን ይዛ መጣች። ያኔ ነው ሜላት ከሣጥኑ አጠገብ "አባባ! አባባ፣ ቶሎ ና!" ብላ የጮኸችው። ስንት ቀን ያልሰማሁት ስም! ነጠላ ጫማዬን ሳላደርግ ሮጥኩ። ለካ አምፖሉ ሥር ክር የመሰለ አረንጓዴ ነገር በቅሏል። ሩጫ አንገቷን እስከ መጨረሻው አውጥታ ትግጣለች። ከአፈሩ ጋር የመጣ ዘር ነው። ማሳዬ ስንት ዓመት ከርሞ አበቀለልኝ።

ጎንበስ ብዬ አየሁት። ገብስ መሰለኝ። አይደለም። ሙጃ ነው! ሰብሌን ሲበላ የኖረ፣ አርባ ዓመት ወገቤ እስኪቆረጥ የነቀልኩት አረም።

እጄ ሳላዝዘው ሊነቅለው ሄደ። ሜላት በጥፊ መታችው።

ይኸው አሁን ጠዋት ጠዋት ሙጃ ውሃ አጠጣለሁ። ሥር ሥሩን እኮተኩትለታለሁ። ብቻ ከዚያ በፊት መጋረጃውን እዘጋለሁ። የድሮ የእርሻ ጎረቤቴ ፊት ለፊት ሕንፃ ላይ ነው የሚኖረው፤ ዓይኑ ደግሞ እስካሁን ደህና ነው።