አባቴን ለመቅበር ማደግ ነበረብኝ

ትናንት ተኝቼ አባቴ ሞቶ አየሁ። መሞቱስ ባልከፋ፤ ሰው ይሞታል። የከፋው የሚቀብረው ሰው መጥፋቱ ነበር።

ግቢያችን ውስጥ የለቅሶው ድንኳን እንደተጠቀለለ መሬት ላይ ተጋድሟል። ወንበሮቹ ሰዎች ላይ ተቀምጠዋል። ጎረቤቶቻችን በእጅና በእግራቸው ተደፍተው እያንዳንዳቸው አንድ አንድ የዕድር ወንበር ጀርባቸው ላይ አስቀምጠዋል፤ ወንበሮቹም ዝም ብለው ያዝናሉ። አባቴ ተገንዞ ቃሬዛው ላይ ተኝቷል። ፊቱ ብቻ አልተሸፈነም። ዓይኑን ገልጦ ሰማይ ሰማዩን ያያል።

"አያልነህ፣" አለኝ፣ "ፀሐዩ እየበረታ ነው እኮ። ምን ይጠበቃል?"

"ዕድሩን ነው አባዬ።"

"ዕድሩማ መጥቷል። ያውልህ።"

ዞር ስል የዕድሩ ዳኛ ቆሟል። ስድስት ዓመት ቢሆነው ነው። የፊት ጥርሶቹ ወልቀዋል። የለበሰው ጥቁር ካፖርት ጫፉ መሬት ይጠርጋል፤ አፉ ውስጥ ከረሜላ ያገላብጣል። ከኋላው እኩዮቹ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ተሰልፈዋል። ከአጥሩ ውጭ ጡረተኞች ብይ ይጫወታሉ፤ አንደኛው ተበልቶ እየተንፈራፈረ ያለቅሳል።

"ጋሽ ናሆም፣" አልኩ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ፣ "እንኳን መጡልን። ድንኳኑን ያስተክሉልና።"

"ከዚህ ቤት ትልቅ ሰው አለ?"

"እኔ አለሁ።"

ከላይ እስከ ታች አየኝ። ከረሜላውን ወደ ሌላው ጉንጩ አዛወረ።

"ማሙሽ፣ ስንት ዓመትህ ነው?"

"አርባ አራት።"

"ዕድሜማ ግንብም አለው። ከአባትህ ቤት ወጥተሃል?"

"አልወጣሁም።"

"አግብተሃል?"

"አላገባሁም።"

"በራስህ ስም የዕድር አባል ነህ?"

"በአባቴ ሥር ነኝ።"

እኩዮቹ ተንከተከቱ። እዚህ ላይ ሕልሜ ከእውነቱ አንዲት ፀጉር ታህል አላፈነገጠም። እኛ ሰፈር ያላገባ ሰው ራሱ ቢሸብት፣ ጥርሱ ቢረግፍ፣ በዕድር የሚቆጠረው በወላጁ ሥር ነው። ሲሞት ይቀበራል እንጂ ለመቅበር ቃል የለውም።

"እንግዲያው ድንኳን አንተክልም፣" አለ ጋሽ ናሆም። "ሬሳ ለልጅ አይሰጥም።"

ደሜ ፈላ። "እኔ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የማስተምረው ምን እንደሆነ ያውቃሉ? የሰው ልጅ እንዴት አድጎ ትልቅ ሰው እንደሚሆን ነው የማስተምረው!"

"ታዲያ መንገዱን ታውቀዋለህ፤ ሂድና እደጋ!"

አባቴ ከቃሬዛው ላይ ሳቅ አለ። "አትከራከራቸው ልጄ። በል ሮጥ ብለህ አድገህ ና። እኔ የትም አልሄድም። ብቻ አትቆይ፤ ሙቀት ለሬሳ ጥሩ አይደለም።"

ሮጥኩ።

የማስተምረውን ለማያውቅ ሰው ልንገረው። የሥነ ልቦና መጻሕፍቱ እንደሚሉት ሕይወት በየተራ የሚመጣ ወቅት ነው። በሃያዎቹ ከወላጅህ ቤት ትወጣለህ፤ ማን እንደሆንክ ታውቃለህ። ከዚያ ራስህን ለፍቅር ትሰጣለህ። ከዚያ ተተኪ ታሳድጋለህ። በስተርጅና ወደ ኋላ ዞረህ ታይና "ደግ ኖሬያለሁ" ትላለህ። አንዱ ጋ የቀረ ሰው ዕድገቱ ተገትቷል ይባላል። አንድ ክፍል ውስጥ ተደራርበው የሚያድሩ ተማሪዎቼ ይህንን አንገታቸውን ደፍተው ይጽፉታል። "ወጣቱ በዚህ ዕድሜው የራሱን ጎጆ ይቀልሳል።" በምን ይቀልሳል? መጽሐፉ ዝም! የቤት ኪራይ የሚባል ነገር ያልሰማ ንድፈ ሐሳብ! አከራይ በር አንኳኩቶበት የማያውቅ ሰው ተደላድሎ ተቀምጦ "ያልወጣው ልጅ ምን ነካው?" ብሎ የሚጠይቀን ይመስለኛል። በእውኔ ይህን ስናገር ባልደረቦቼ "አያልነህ ደግሞ ተነሣበት" ይላሉ። በሕልሜ ግን ለመናደድም ጊዜ አልነበረኝም።

አስፋልቱ ዳር ታክሲዎች ተሰልፈው ሰው ይጠብቃሉ። ከመጀመሪያው ታክሲ በር ላይ ጥቁር የምረቃ ካባ የለበሱ ሽማግሌ ፕሮፌሰር ተንጠልጥለው ይጣራሉ።

"ብስለት! ብስለት! በፍቅር በኩል ብስለት! አንድ ሰው የቀረው!"

"ብስለት በቀጥታ ይሄዳል?"

"ቀጥታ የለም። መጀመሪያ ከቤት መውጫ ላይ ትወርዳለህ።"

"አባቴን ፀሐይ ላይ ትቼው ነው የመጣሁት። አንዱን ብንዘለውስ?"

"አይዘለልም። ሰው ሁሉ የሚሄደው በዚሁ መስመር ነው።"

"ሰው ሁሉ ማለት የትኛው ሰው?"

"መጽሐፉ ውስጥ ያለው።"

"እኔስ?"

"አንተ ተሳፋሪ ነህ፤ ተጠጋ!" ብለው በሩን ድርግም አደረጉት።

ከቤት መውጫ ስደርስ የዕጣ ቀን ኖሯል። ኮንዶሚኒየሞቹ ስታዲየም ውስጥ ተኮልኩለዋል። ሰው እንዲወጣላቸው ከተመዘገቡ ዓመታት አልፈዋል፤ አንዳንዶቹ ሲጠብቁ ቀለማቸው ረግፏል። ዕጣው ወጣና እኔ ለአንዲት ስቱዲዮ ደረስኳት። በሯን እያንቋቋች ወደኔ መጣች።

"አንተ ነህ የወጣህልኝ?"

"እኔ ነኝ። አስገቢኝ እባክሽ፤ ቸኩያለሁ።"

"ሚስትህስ?"

"አላገባሁም።"

"እንዴ! እኔ እኮ ባለትዳር ነበር የተመኘሁት።"

"አስገቢኝና አገባለሁ።"

"አግባና አስገባሃለሁ።"

"ቤት ሳይኖረኝ ማን እሺ ይለኛል?"

"ታዲያ ይሄ የኔ ጭንቀት ነው? እኔ እኮ ቤት ነኝ።"

ዞራ ሄደች። በመስኮቷ አንድ የማላውቀው ሰውዬ የጥርስ ቡሩሹን እንደያዘ እጁን ሲያውለበልብልኝ አየሁ።

ቀና ስል አንድ የማላውቀው ቤት ሳሎን ውስጥ ነበርኩ። በሩ ተንኳኳ። ሦስት ሴቶች በየጀርባቸው ሕፃናት አዝለው ገቡ። ሕፃናቱ ጋቢ ለብሰዋል። ሽማግሌዎች ናቸው። በሕልሜ ከተማ ሽማግሌ የሚልከው የሴቷ ወገን ነው፤ እነዚህን የላከቻቸው ትርንጎ ነበረች። ትርንጎ በእውኔም ያለች ሰው ናት። ዘጠኝ ዓመት ቤት እስክናገኝ ጠብቃኝ ዓምና ሌላ ሰው አገባች። በሕልሜ ግን ገና አላገባችም፤ ልቤ በደስታ ሊፈነዳ ደረሰ።

የኛ ሽማግሌዎች ቆመው "እሺ ካላላችሁን አንቀመጥም" ይላሉ። እነዚህ መቆም ስለማይችሉ ምንጣፉ ላይ ተዘርግተው "እሺ ካላልከን አንነሣም" አሉ።

"እሺ!" አልኩ። "እሺ ብያለሁ! አሁኑኑ!"

ትልቁ ሕፃን ደነገጠ። ጡጦውን ከአፉ አወጣ። "ወዲያው እሺ ይባላል እንዴ? ነውር አይደለም? ዘመድ አማክሬ መልስ እሰጣለሁ ብለህ ቀጠሮ ስጠን እንጂ።"

"የማማክረው ዘመድ አባቴ ነው፤ እሱም ሞቷል!"

"ሳይማከርማ አይሆንም። ቀጠሮ!"

"እሺ፣ ነገ ኑ።"

ታዝለው ወጡ። በሩ ከመዘጋቱ ተመልሶ ተከፈተ። ሕፃናቱ ጢማቸው እስከ እምብርታቸው ወርዶ በገዛ እግራቸው ገቡ። ከኋላቸው ትርንጎ በምርኩዝ መጣች። ፀጉሯ ነጭ ነው። የልጅ ልጆቿ ቀሚሷን ይዘዋል።

"ትርንጎ! ነገ እኮ ነው ያልኳቸው!"

"ያንተ ነገ መች ይመጣል አያልነህ?" አለችኝ ያለ ቁጣ። "እኔ ወደ ኋላ የሚታይበት ዕድሜ ላይ ደርሻለሁ። ዞር ስል አንተ እዚያው ቆመሃል።"

"ትንሽ ጠብቂኝ።"

"ጠብቄህ ነበር እኮ።" በነጠላዋ ጫፍ አፍንጫዬን ጠረገችልኝ። "አታልቅስ፤ ጎበዝ። ይልቅ እዚያ በረንዳ ላይ ልብስ ሰፊ አለ። የትልቅ ሰው ኮት ያልብስህና ሂድ፤ ማን አውቆ፣ ያደግክ ይመስላቸው ይሆናል።"

ልብስ ሰፊው ከሲንጀሩ ኋላ ተቀምጧል። ኮቶቹ ከባሕር ማዶ በቦንዳ የመጡ ሰልባጆች ናቸው። አንዱን አለበሰኝ። ትከሻው ሰፋኝ፤ ደረቱ ጠበበኝ። ሰውየው ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ እኔን ለካ፣ ከዚያ ጠመኔ አንሥቶ ሰውነቴ ላይ ማስመር ጀመረ።

"ኮቱን ነው እንጂ የሚያስተካክሉት!"

"ኮት አይነካም። በብዙ ሰው ላይ ተሞክሮ ልክ ሆኗል።"

"በየትኛው ሰው ላይ?"

"ልክ በሆነው ሰው ላይ ነዋ።" መቀሱን አነሣ። ደረቴ ላይ ጎንበስ ብሎ አየ። "እዚህ ጋ ያበጠው ምንድን ነው? ቁልፉን የሚያስቸግረው እሱ ነው።"

"አባቴ ነው።"

"ይቆረጣል። ያደገ ሰው ከአባቱ ይነጠላል።"

"እኔ ለማደግ የመጣሁት አባቴን ልቀብር እኮ ነው!"

"እሱ ነው በሽታህ።"

ያን ጊዜ ጮህኩ። እንዲህ የጮህኩበትን ጊዜ በእውኔም በሕልሜም አላስታውስም። "ከወላጁ መለየት ትልቅነት ነው ያላችሁ እናንተ ናችሁ! ጡረታው ዳቦ የማይገዛለት አባት ላላቸው ሰዎች ይህንን የምትሰፉት በምን ዓይናችሁ ነው? ወንድሙን ሲያስተምር ያረጀ ሰው፣ እናቱን ሲያስታምም ጋብቻ ያለፈው ሰው፣ በናንተ ልኬት ሕፃን ነው? ሂዱና ኮታችሁን..." በረንዳው ላይ ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ገና ሳልጀምር አጨብጭበውልኝ ነበር። ልናገር አፌን ስከፍት ግን ሁሉም ፊታቸውን አዞሩ። ትከሻቸው ተቆርጦ፣ ክንዳቸው አጥሮ፣ ኮቱ ግን ልክ ሆኖላቸው ቆመዋል። አንዱ "ዝም በል እንጂ፣ ተራችንን ታስቃጥላለህ" አለኝ።

ኮቱን መንጭቄ ሳወልቀው አንድ እጅጌው ክንዴ ላይ እንደቀረ ወደ ቤቴ በረርኩ።

ፀሐዩ አናት ላይ ወጥቷል። የአባቴ ግንባር በላብ ርሷል። ጋሽ ናሆምና እኩዮቹ ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል።

"አደግክ?"

"መንገድ ላይ ነኝ።"

"ቤት ሰጡህ? ሚስትስ?"

ክንዴ ላይ የቀረችውን እጅጌ አሳየሁት። ልጆቹ ጭንቅላት ለጭንቅላት ገጥመው ተንሾካሾኩ። ከዚያ ጋሽ ናሆም ካፖርቱን ሰብስቦ ተነሣ።

"እንግዲህ አጣርተናል። በዚህ ቤት ለአቅመ አዳም የደረሰ ሰው አንድ ብቻ ነው።"

ሁሉም ወደ ቃሬዛው ዞሩ።

አባቴ በረጅሙ ተነፈሰ። "ምን ይደረግ፣ እኔው ልነሣ እንጂ።" ቀስ ብሎ ቁጭ አለ። የእግሩን አውራ ጣቶች ያሰረውን ክር ራሱ ፈታ። ከፈኑን እንደ ጋቢ ትከሻው ላይ ጣል አደረገና አካፋና ዶማውን አነሣ። ወንበሮቹ በአክብሮት ከሰዎቹ ጀርባ ላይ ተነሥተው ቆሙ።

እግሩ ሥር ወደቅኩ። "አባዬ፣ እባክህ፣ አብሬህ ልሂድ። አፈሩን እኔ ልመልስ።"

"አይሆንም አያልነህ። ልጅ መቃብር አይሄድም፤ ሌሊት ያቃዠዋል።" ራሴን ዳበስ አደረገኝ። "በሩን ቆልፍ። ለማታውቀው ሰው እንዳትከፍት። ምሳህ ድስቱ ውስጥ ነው፤ አሙቀህ ብላ።"

ዶማውን ተሸክሞ ወጣ። ልጆቹ "ወየው ወንድሜ!" እያሉ ደረታቸውን እየደቁ ተከተሉት። ጡረተኞቹ ብያቸውን ኪሳቸው ከትተው መንገድ ለቀቁለት። በሩ ላይ ቆሜ "አድጌያለሁ! አባዬ፣ አድጌያለሁ እኮ!" ብዬ ጮህኩ። የወጣው ድምፅ የሕፃን ነበር።

በራሴ ጩኸት ባነንኩ።

ነግቷል። አባቴ አልሞተም። አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ሸሚዙን ገልብጦ ለብሶ፣ ትክ ብሎ ያየኛል። ነገር መርሳት ከጀመረ ሦስት ዓመት ሆነው። አጥበዋለሁ፣ አጎርሰዋለሁ፣ ማታ ተነሥቼ አንሶላውን እቀይርለታለሁ። ለዚህ ወቅት የወጣለት ስም በማስተምረው መጽሐፍ ውስጥ የለም።

"ምን ሆነህ ነው የምትጮኸው አንተ ልጅ?" አለኝ ለስለስ ባለ ድምፅ።

"ሕልም ነው አባዬ።"

"የማን ልጅ ነህ?"

"ያንተ ነኝ። አያልነህ ነኝ።"

"ተው እንጂ! የኔ አያልነህ ገና ይህችን ታክል ነው።" መዳፉን ከመሬት ትንሽ ከፍ አድርጎ አሳየኝ። ከዚያ አዘነልኝ መሰለኝ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። "በል ተነሥና ወደ ቤትህ ሂድ። ይሄኔ አባትህ ሲፈልግህ ይሆናል።"