ኋላ የቀረ ይረታል

ቀርፋፋ ሰው በአገራችን ወዳጅ የለውም። ቋንቋችን ራሱ ጨክኖበታል፤ ዘገምተኛ፣ ዳተኛ፣ ጎታታ፣ ምን ያላለው አለ? ለማጽናኛ የተሰጠው አንድ ተረት ብቻ ነው፤ እሱም የእንቁላሉ። እንቁላል በእግሩ እስኪሄድ ስንት ቀን እንደሚጠበቅ ደግሞ ተረቱን የሚተርቱት ሰዎች አይነግሯችሁም። እኔ ልጅ ሆኜ መንገድ ላይ እያነበብኩ ስለምሄድ የትምህርት ቤት ደወል ሁልጊዜ ከደጅ ያገኘኝ ነበር። ዩኒቨርሲቲም ገብቼ አልተሻለኝ። አሁንም ደብረ ማርቆስ ውስጥ በምሠራበት ቤተ መጻሕፍት ስብሰባ ሲጀመር ወንበሬ ባዶ ከሆነ ማንም አይደነግጥም። «ትመጣለች» ይላሉ።

ይቺን ቃል ያዙልኝ።

ባለፈው ሰሞን ወደ ሥራ ስሄድ ከከተማው ዳር ባለው ሜዳ ላይ ትራፊክ ፖሊሶች ሞተር ብስክሌት ሲለማመዱ አየሁ። ሰው በተሰበሰበበት መቆም አልወድም፤ ያን ቀን ግን ባሕር ዛፍ ተከልዬ ቆምኩ። አሠልጣኙ የፕላስቲክ ምልክቶች ጠመዝማዛ አድርጎ ደርድሮ «በሰው እርምጃ! እግር መሬት እንዳይነካ!» እያለ ይጮሃል። ቅድም ሜዳውን በአቧራ የሸፈኑት ጎበዞች ቀስ በሉ ሲባሉ ከሠርግ ቤት እንደወጣ ሰካራም ተንገዳገዱ። አንዷ ፖሊስማ ዓይኗን ከፊት ጎማው ላይ ተክላ ሦስት ጊዜ ወደቀች።

«የኔ እህት፣ ጎማውን ምን ታዪዋለሽ? አይጠፋብሽም! መሄጃሽን እዪ!» አላት አሠልጣኙ።

እኔ ከዛፉ ኋላ ሆኜ ልቤ በኩራት አበጠ። ይህን ትምህርት ቤተሰባችን ያውቀዋል። አያቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ስለ አባቷ ስንት ጊዜ አጫውታኛለች።

ቅድመ አያቴ አንለይ ይባላል። አንቱ ማለት ይገባኝ ነበር፤ ነገር ግን ታሪኩ ሲሆን ገና የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ ነውና አንተ ብለው አይቀየመኝም። የአምበር ሰው ነው፤ ሥራው በቅሎ መግራት። እሱ «ተገራች» የሚላት በቅሎ፣ ጢም ብሎ የሞላ የጠላ ዋንጫ በእጁ ይዞ ተቀምጦባት፣ ወንዝ ወርዳ ዳገት ወጥታ ጠብታ ሳይፈስ የተመለሰችውን ብቻ ነው። «ማስሮጥማ ጅራፍም ያስሮጣል» ይል ነበር አሉ።

ጣሊያን አገሩን በያዘ ጊዜ ቦራ የምትባለውን ምርጥ በቅሎውን ወታደሮች ወሰዱበት። ትመለስልኝ ብሎ ደብረ ማርቆስ ድረስ ሄደ። በቅሎዋንም አልመለሱ፣ እሱንም አልመለሱ። ያን ሰሞን ከአገሬው ሰው ፖሊስ እየመለመሉ፣ ዶቅዶቄ እያስነዱ ደብዳቤ ያመላልሱ ነበር። አሠልጣኙ ጣሊያን አስር አለቃ «በቅሎ የገራ ይህ አያቅተውም» ብሎ ከሌሎች ስምንት ሰዎች ጋር አሰለፈው። እምቢ ያለ የት እንደሚገባ የታወቀ ነው።

ነገሩ አንለይን እንደ እሾህ የወጋው ግን በሌላ በኩል ነው። ታናሽ ወንድሙ ታከለ ከአርበኞች ጋር አባይ በረሃ ወርዷል፤ ታላቁ ደግሞ የጣሊያን ቆብ ደፍቶ ዶቅዶቄ ይነዳል። ያኔ የአምስት ዓመት ልጅ የነበረችውን አያቴን የሰፈር ልጆች «የባንዳ ልጅ» አሏት። ትርጉሙን አላወቀችም፤ አፋቸውን ሲያጣምሙ ግን ገባት።

አንለይ ወደ ወንድሙ መሄድ አለበት። ለዚህ ደግሞ አንድ ቀን ብቻውን መንገድ ላይ መውጣት አለበት። ችግሩ ደብዳቤ አመላላሾች እስከ ደጀን የሚሄዱት ጠመንጃ የያዘ ሶላቶ ከኋላቸው ተፈናጦ ነው። መንገዱ ገና እየተሠራ፣ ድንጋይና ጭቃ ነው። ሲበሩ የሄዱ ሁለት ዶቅዶቄዎች ከነሰዎቻቸው ገደል ገብተዋል፤ ሰው ሲደረብ ክብደቱም ይብሳል። በመጨረሻ አስር አለቃው ዘዴ መጣለት። በዝግታ ውድድር ያሸነፈው ሰው ከእንግዲህ ብቻውን ይላካል።

ውድድሩ በቅዳሜ ገበያ ተደረገ። ሜዳው ዳርና ዳር በርሜል ቆመ። አስተርጓሚው በርሜል ላይ ወጥቶ «ኋላ የቀረ ይረታል፤ እግሩ መሬት የነካ ይወጣል!» ብሎ ለፈፈ። ገበያተኛው እርስ በርሱ ተያየ።

«ለመቅረት ማን ይወዳደራል?» አሉ አንድ ሽማግሌ። «እሱንማ እኔ ቤቴ ተኝቼ በረታኋቸው!»

ፊሽካ ተነፋ። አንድ ጎበዝ ተፈትልኮ ከሁሉ በፊት ደረሰ፤ ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት፤ አስር አለቃው ስሙን ሰረዘው። ሌሎቹም አንዱ እግሩን እያወረደ፣ አንዱ እየወደቀ፣ አንዱ ትዕግሥቱ አልቆ እየፈተለከ አለቁ። አንለይ ገና ሜዳው መሃል ነው። ፍሪሲዮኑን በግማሽ ይዟል፣ ፍሬኑን እንደ ሕፃን ጉንጭ ነካ ያደርገዋል፣ ዓይኑ ከሩቅ አንዲት ዋርካ ላይ ነው። (ፍሬንም ፍሪሲዮንም ጣሊያን ጥሎልን የሄደው ቃል ነው። ማቆሚያውንና መልቀቂያውን ለኛ ትቶ ሄደ፤ ምን ይደረግ።) በሐሳቡ በእጁ ዋንጫ አለ፤ ጢም ብሎ የሞላ።

«ኧረ ሰውዬው አንቀላፋ!» አለ አንዱ።

«ወይ ጉድ! ባንዳነቱም አልሆነለት!» አለ ሌላው፤ ሜዳው በሳቅ ፈረሰ።

ሚስቱ ይመኙሻል ለገበያ መጥታ እዚያው ነበረች፤ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። አንለይ በመጨረሻ፣ ከመጨረሻም መጨረሻ፣ እግሩ መሬት ሳይነካ በርሜሉ ጋ ደረሰ። አስር አለቃው እያጨበጨበ ምን ትፈልጋለህ ቢለው፣ ቦራ ወደ ቤቴ ትመለስልኝ አለ። ተፈቀደለት። ልጓሙን ፈገግ ብሎ ለሚስቱ ሲያቀብላት፦

«አገር ሲስቅብህ አንተም ትስቃለህ?» አለችው።

«ይሳቅ። አንቺ ሰኞ ሲነጋጋ ልጆቹን ይዘሽ ወደ ታከለ ተነሺ። በቅሎዋን እንዳታስሮጫት። የሚሮጥ ሰው ዓይን ይገባል።»

ነጠላዋን ከፊቷ ገለጠች።

ሰኞ ጠዋት አንለይ የደብዳቤ ቦርሳውን አንግቦ ብቻውን ወጣ። ማታ አልደረሰም የሚል ስልክ ከደጀን መጣ። አስር አለቃው ሳቀ። «የኔ ሰው ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። ይመጣል» አለ። ማክሰኞ ዝናብ ጣለ። «በዝናብማ ይብሳል፤ ይመጣል።» ረቡዕ ምሳ ላይ ማንኪያው አፉ ሳይደርስ ቆመ።

ሐሙስ ወታደሮች አምበር ደርሰው ቤቱን ሲከቡ ምድጃው ከቀዘቀዘ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። ይመኙሻል ሁለት ልጆቿን ቦራ ላይ አድርጋ በሁለት ኬላ አልፋለች፤ ዘመድ ጥየቃ የምትሄድ ትመስል ነበር። እንዲያውም አንዱ ዘበኛ የላላ እርካብ አጥብቆላታል። አያቴ ከዚያ ሽሽት የምታስታውሰው እንቅልፏን ብቻ ነው። አንድም ጊዜ አልተንገጫገጨችም።

ቦርሳው አርበኞቹ እጅ ገባ። ዶቅዶቄው ነዳጁ ሲያልቅ ወደ ገደል ገፉት፤ ከአንለይ ጋር ከተዋወቀ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በፍጥነት ሄደ።

ያቺ ሦስቴ የወደቀችው ፖሊስ በአራተኛው ሙከራ ዓይኗን ወደ ሩቅ አቀናች። ከሁሉ ኋላ፣ እግሯ መሬት ሳይነካ ደረሰች። ማንም አላጨበጨበላትም። እኔ አጨበጨብኩ፤ ሁሉም ወደ እኔ ዞር ሲሉ ደግሞ ሮጥኩ። ለሥራም ረፈደብኝ፤ ትመጣለች እንዳሉ አልጠራጠርም።

አያቴ ታሪኩን ስትጨርስ ለአስር አለቃው ሁልጊዜ ትፈርድለት ነበር። ሰውዬው አልዋሸም ትላለች። ይመጣል አለ፤ አንለይም መጣ። አርበኞች ደብረ ማርቆስ ሲገቡ ከወንድሙ ጎን፣ በቦራ ላይ ተቀምጦ፣ ቀስ ብሎ መጣ። አስር አለቃው ግን አልጠበቀውም። ቸኩሎ ሄዷል።