ገበር ያለው ንግግር

አንድን ነገር በአንድ ቃል ተናግሮ የሚረካ ሰው ብርቅ ነው። በየሰፈሩና በየመሥሪያ ቤቱ፣ "ደከመኝ" ብሎ "ታከተኝ" ካላለ ድካሙ የሚጎድልበት የሚመስለው ሰው አይጠፋም። "ዝም በል" ብቻ አይበቃውም፤ "ጸጥ በል" ይጨምርበታል፣ እናንተም ሁለቴ ትደነግጣላችሁ።

የዚህ ወገን የበላይ ጠባቂ ክቡርነታቸው የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ናቸው። "ቃልም እንደ ኮት ነው፤ ያለ ገበር አይለበስም" ስለሚሉ ሰፈሩ "ጋሼ ገበር" ይላቸዋል። ጉዱ ግን ገበሩን ራሳቸው አለመጨመራቸው ነው። እሳቸው አንዱን ቃል ይላሉ፤ ሁለተኛውን ከመስኮቱ ሥር ተቀምጠው ቁልፍ የሚሰፉት ባለቤታቸው፣ እትዬ፣ ያስከትላሉ።

"ሸሚዝህ አርጅቷል" ይላሉ ጋሼ፣ በመነጽራቸው ላይ አሻግረው እያዩ።

"ነትቧል" ይላሉ እትዬ፣ ቀና እንኳን ሳይሉ።

"እስከ ዓርብ ታገሥ።"

"ቻል አድርገው።"

አንድ ቀን ሱሪዬ ጠቦኝ ላሰፋው ሄድኩ። ጋሼ ሜትሩን ወገቤ ላይ አዙረው "ወፍረሃል" አሉኝ። እሺ፣ ይሄስ ይዋጣል። "ደልበሃል" አሉ እትዬ ከመስኮቱ ሥር። ሰው ሆኜ ገብቼ በሬ ሆኜ ወጣሁ! ተራ የሚጠብቁት ሁሉ እስኪበቃቸው ሳቁብኝ።

እኔ ደግሞ የጋዜጣ አርታኢ ነኝ፤ ሥራዬ ትርፍ ቃል መሰረዝ ነው። "አንዱ ከበቃ ሁለተኛው ለምን?" ብዬ ተከራክሬያቸው አውቃለሁ። ጋሼ ከልባቸው አዘኑልኝ።

"ልጄ፣ አንተ እኮ ብቻህን ነው የምታወራው" አሉኝ።

"ለራስህ" አሉ እትዬ።

ያን ጊዜ ተረብ መስሎኝ ነበር።

ባለፈው ክረምት እትዬ አረፉ። ሱቁ እንደገና ሲከፈት ጋሼ እንደ ድሮው አንዱን ቃል ተናግረው ያቆሙ ጀመር። "ጨርቁ ቆንጆ ነው" ይሉና መርፌያቸውን እንደያዙ ወደ መስኮቱ ያያሉ። አዲስ ደንበኛ ጆሯቸው የደከመ መስሎት ድምፁን ከፍ ያደርጋል። እኛ የምናውቀው አንገታችንን እንደፋለን። የእትዬ ወንበር እዚያው ነው፤ የቁልፍ ማስቀመጫው ቆርቆሮም ላዩ ላይ ተቀምጧል። እኔ ሰራዡ፣ ያ ሁለተኛው ቃል እንዲህ ይናፍቀኛል ብዬ አስቤም አላውቅ።

ትናንት ገበሩ የተቀደደ ኮት ይዤ ሄድኩ። እውነቱን ለመናገር የቀደድኩት ራሴ ነኝ፤ መሄጃ ምክንያት ቢጠፋኝ። ጋሼ አገላብጠው አዩት።

"ይሄ በመቀስ የተቀደደ ነው" አሉ።

ለምን እንደሆነ ግን አልጠየቁኝም፤ ጥቂት ሰፍተው ማሽኑን አቆሙ።

"ናፈቀችኝ" አሉ።

ጠበቁ። ዕድሜዬን ሙሉ የሰረዝኳቸውን ቃላት ሁሉ በልቤ ፈለግኳቸው፤ ለዚያች ቃል ገበር የሚሆን አንድም አጣሁ። እሳቸውም ወደ ስፌታቸው ተመለሱ።

ሲጨርሱ ኮቱን አለበሱኝ። ቁልፉ ሆዴ ላይ አልገጥም አለ።

"ወፍረሃል" አሉኝ፤ ወደ መስኮቱም ዞሩ።

"ደልቤያለሁ" አልኳቸው።

ጋሼ እስኪበቃቸው ሳቁብኝ።