ሰው አዋቂው አቶ አስገዶም

በየሰፈሩ፣ ሰው ገና የግቢውን በር ሲረግጥ ጠባዩን መርምሮ የሚፈርድ አንድ ዳኛ አይጠፋም። ምስክር አይሰማ፣ ቀጠሮ አይሰጥ። የእኛ ግቢ ዳኛ ከራስ መኮንን ድልድይ ከፍ ብሎ ልብስ የሚሰፉት ክቡር አቶ አስገዶም ነበሩ። "ሰውን አንዴ ካየሁት በቃኝ" ይላሉ፣ መርፌያቸውን በከንፈራቸው እንደያዙ።

በእሳቸው ፍርድ ቀጭን ሰው ቂመኛ ነው፤ ወፍራም ሰው ምስጢር አይቋጥርም፤ የአፍንጮ በር ልጅ ኩራተኛ ነው። ወፍራሙ ጎረቤታችን ግደይ ማግባቱን ሁለት ዓመት ሙሉ ደብቆን መኖሩ የተሰማ ዕለት፣ በደስታ ወደ አቶ አስገዶም ሮጥን። "ያኔ ቀጭን ነበር" አሉን፣ ቀና እንኳ ሳይሉ። እኔን ደግሞ የጫማዬ ተረከዝ በአንድ ወገን መበላቱን አይተው "ችኩል ነህ" ብለው ፈርደውብኛል። በዚያን ጊዜ አንዲት የመሥሪያ ቤቴን ልጅ ሻይ ልጋብዝ ሳስብ አራተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር።

ዝም የሚያሰኟቸው ባለቤታቸው ወይዘሮ ለተኪዳን ብቻ ናቸው። "እኔንም ዝምተኛ ናት ብሎ ነው ያገባኝ" ይሉናል።

በ1970 መጀመሪያ ሸምሰዲን የሚባል የብረት ድስት ነጋዴ ከባለቤቱ ከፈቲያ ጋር ግቢያችን ገባ። ጠዋት አንገቱን ሰበር አድርጎ ያልፋል፤ ማታም እንዲሁ። ቃል አይተነፍስም። አቶ አስገዶም ሳምንት አልጠበቁም። "ይሄ ሰውዬ የሚደብቀው ነገር አለው" አሉ። "ነጋዴ ሆኖ ዝም የሚል አይታችሁ ታውቃላችሁ?" እኛም ፍርዱን ተቀብለን ለሰው አሳለፍን።

ዓመት ሲሞላው ስኳር ከገበያ ጠፋ። "የሚደብቀው ነገር አለው" የተባለው ወሬ ድልድዩን ተሻግሮ ሄዶ "ስኳር ደብቋል" ሆኖ ተመለሰ። ይህ በዚያ ዘመን ቀልድ አልነበረም። በኢኮኖሚ አሻጥር ተከሶ የተወሰደ ሰው መቼ እንደሚመለስ አይጠየቅም።

አንድ እሑድ ጠዋት ለቀበሌ ስብሰባ ተጠራን። ሸምሰዲንን ፊት ለፊታችን አቁመውታል። ቤቱ ተፈትሾ ምንም አልተገኘም፤ ሊቀመንበሩ ግን "ሌላ ቦታ አሽሽቶት ይሆናል" አሉ። ሸምሰዲን መልስ እንዲሰጥ ተጠየቀ። አፉን ከፈተ፤ ድምፅ አልወጣውም። አዳራሹ አጉረመረመ። ፈቲያ የሻሿን ጫፍ ነክሳ ተቀምጣለች።

"ጓድ አስገዶም" አሉ ሊቀመንበሩ፣ "እርስዎ ሰው ያውቃሉ ይባላል። የዚህን ሰው ጠባይ ይንገሩን።"

አቶ አስገዶም ባርኔጣቸውን አውልቀው ተነሡ።

"አላውቀውም" አሉ። "ዓመት ሙሉ በአንድ ግቢ ስንኖር አንድ ቀን ተቀምጬ አላነጋገርኩትም። የሚደብቀው ነገር አለው ያልኩት እኔ ነኝ። ያየሁት ነገር የለም። ወሬው የወጣው ከኔ አፍ ነው።"

"የሐሰት ወሬ መንዛት ምን እንደሚያስከትል ያውቃሉ?"

"አውቃለሁ" አሉ። "ይህንን እንኳ አውቃለሁ።"

እኔ ከኋላቸው ነበርኩ። ወሬውን ለስንት ሰው እንዳቀበልኩ በልቤ እየቆጠርኩ አቀረቀርኩ።

ሌላ ምስክር አልተገኘምና ሸምሰዲን ተለቀቀ። አቶ አስገዶም ዕድሜያቸው ታይቶላቸው፣ ሦስት እሑድ የሰፈሩን ቦይ እንዲጠርጉ ተፈረደባቸው። በመጀመሪያው እሑድ ሲወርዱ ሸምሰዲን አካፋ ይዞ ጠበቃቸው። እኔም ኅሊናዬ አላስቀምጥ ቢለኝ ዶማ ተውሼ ተከተልኳቸው።

ጥቂት እንደሠራን አቶ አስገዶም ቀና አሉ። "ስማኝ ወደይ፣ ስማኝ ልጄ፣ ያን ዕለት ለምን ዝም አልክ? ሊያጠፉህ እኮ ነበር።"

"እን… እን…" አለ ሸምሰዲን። የአንገቱ ደም ሥር ተገተረ። ቃሉን ልጨርስለት አፌን ስከፍት አቶ አስገዶም በእጃቸው ከለከሉኝ። አካፋቸውን ተደግፈው ቆሙ። ከላያችን ታክሲ አለፈ፤ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ሴቶችም ቆም ብለው አይተውን ሄዱ።

"እንተባተባለሁ" አለ በመጨረሻ።

አቶ አስገዶም ወደ እሱ ጠጋ አሉ። እኔ እስከዚያ ዕለት ድረስ የምስቅባቸው ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ እንደምወዳቸው የታወቀኝ እዚያ ቦይ ውስጥ ነው።

"ስንት ወንድሞች አሉህ?" አሉት።

ስድስት ነበሩ። የእያንዳንዳቸውን ስም ጠየቁት፤ ስድስቱንም እስኪጨርስ ጭቃው ውስጥ ቆመው ሰሙት።