የኦጁሉ ፋን እና በሰልፍ የሚሄዱት ኮከቦች

ስለ ሰማይ የሚያስተምር ሰው ሰማዩን ቀና ብሎ አያይም! ከተጠራጠራችሁ እኔን ተመልከቱ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ለጋምቤላ ልጆች ስለ ፀሐይና ስለ ፕላኔት ስደሰኩር፣ ያየሁት ሰማይ በጠመኔ ሰሌዳ ላይ የሳልኩት ብቻ ነው።

የመጋቢትን ሙቀት የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ የማታውቁ እዚያው በብርዳችሁ ተመስገን በሉ። እዚህ ፋን የቤት ዕቃ ሳይሆን የቤተሰብ አባል ነው። ግቢ የምንጋራው ኦጁሉ፣ ትየርኪዲ የሚባለው የስደተኞች ካምፕ ነው የሚሠራው። ሰሞኑን ለሳምንት ወደዚያ ሲሄድ ቁልፉን አደራ ሰጠኝ። የተከበረው መምህር ምን አደረገ? የራሴ ፋን አልበቃ ብሎኝ የሱንም አምጥቼ በግራና በቀኝ ገትሬ ተኛሁ... የሱ ጨሰ! ቦታው መለስኩትና ኦጁሉ ሲመለስ፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ እንዳቃጠለው ነገርኩት። አመነኝ። አልጋውን ግቢ አውጥቶ በአጎበር መተኛት ጀመረ። እኔ ቤት ውስጥ በፋኔ ተንፈላስሼ።

ማክሰኞ ልክ ሲመሽ ደጅ ተቀምጠናል። ቀና ስል ኮከቦች ከኢታንግ በኩል ተነስተው፣ አንድ በአንድ ተሰልፈው፣ ሳይጋፉ፣ ሳይቀዳደሙ ይመጣሉ። ሰልፍ የሚያከብር ነገር በዚህ አገር አይቼ ስለማላውቅ፣ የምድር ጉዳይ እንዳልሆነ ወዲያው ገባኝ። የዓለም ፍጻሜ! ያስተማርኩት ፊዚክስ ሁሉ ከራሴ ላይ ተነነ። በዚያች ሰዓት ትዝ ያለኝ ምን ይመስላችኋል? ነፍሴ? የለም፣ ፋኑ!

የኦጁሉን እጅ ይዤ ኃጢአቴን ሁሉ ዘረገፍኩት። ፋኑን ያቃጠልኩት እኔ እንደሆንኩ፣ መብራት ምንም እንዳላደረገ፣ የደረቀ ዓሣውንም የበላችው ድመቷ እንዳልሆነች... ኦጁሉ አንዴም አላቋረጠኝም።

"ሌላ አለ?" አለኝ ስጨርስ።

"የለም" አልኩ ዕንባዬን እየጠረግኩ።

"እሺ። ያ ሳተላይት ነው፣ መምህር። ኢንተርኔት የሚሰጠው። ካምፕ ሁሌ እናየዋለን።"

ታዲያ ለምን ቀድሞ እንዳልነገረኝ ብጠይቀው፣ "ሰው ንስሐ ሲገባ አይቋረጥም" አለኝና ቤቴ ገብቶ ፋኔን ነቅሎ ወጣ።

ይኸው አሁን ግቢ የምተኛው እኔ ነኝ። ሰማዩን አጠናሁት በሉኝ! ለመላው ዓለም ኢንተርኔት ያድላሉ የተባሉት ሁሉ በላዬ ያልፋሉ፤ አንዱም ትንሽ ነፋስ ጣል አላደረገልኝም። ትናንት ምሽት ኦጁሉ በመስኮቱ ብቅ አለ፤ ከኋላው ፋኔ ይንሾካሾካል።

"መምህር፣ እየመጡ ነው። የቀረ ነገር ካለ..."

ምንም የለም አልኩት። የሱን ሬዲዮ ነገር ግን ለእውነተኛው የዓለም ፍጻሜ አቆይቼዋለሁ።