ሚስቴ በእኔ ፈንታ ስትታከም

ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? በእኛ እድር ጎልማሳ የሞተ እንደሆነ፣ ጥቁር ለብሳ ለቅሶ የምትቀመጠው ሁልጊዜ ሚስት ናት። ባልማ የሚቀበረው ነው።

ባለፈው ወር ጉታን ቀበርነው። ከሞጆ ደረቅ ወደብ ኮንቴነር የሚያመላልስ ሹፌር ነበር፤ ሃምሳ እንኳ አልሞላውም። ድንኳን ውስጥ ካርታ እየተጫወትን አንዱ፣ ለምንድን ነው እኛ ቀድመን የምናልቀው ብሎ ጠየቀ። ሴቶች አልቅሰው ይወጣላቸዋል አለ ሌላው። የለም፣ ጭቅጭቃቸው ነው የሚጨርሰን አለ ሦስተኛው። እኔ ደግሞ፣ አፌን ይቁረጠውና፣ «ሴት ምን ሐሳብ አለባት!» አልኩ። ቀና ስል የጉታ ሚስት ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

እንዲህ የምለው እኮ ደረቴን እየጨመደደኝ ነው! ደረጃ ስወጣ ስልክ የማወራ መስዬ እቆማለሁ። ለጠየቀኝ ሁሉ ጨጓራ ነው እላለሁ። እኛ ወንዶች መቼም ከጨጓራ ሌላ በሽታ የለብንም። ሚስቴ ዘነበች ታከም ብላ ነዘነዘችኝ። ጤና ጣቢያ ተሰልፌ የእድር ሰው ሊያየኝ? ሞቼ ነው! በመጨረሻ ምን ብላት ጥሩ ነው? «አንቺ ሂጂና ያመመሽ መስለሽ ንገሪያቸው፤ መድኃኒቱን ይዘሽልኝ ነይ።»

ምስኪን፣ በባጃጅ እስከ ጤና ጣቢያው በር ሸኘኋትና ገባች። ደረቴን ይጨመድደኛል፣ ግራ ክንዴን ይደነዝዘኛል አለች። ሐኪሟ አስተኝታ፣ ደረቷ ላይ ሽቦ ለጣጥፋ ብታያት ልቧ ደህና ነው። ግን ደም ግፊት ተገኘባት፤ እሷም አታውቅም ነበር። ይኸው ኪኒኗን ትውጣለች፣ ጨው ቀንሳለች፣ ማለዳ ማለዳ የእግር ጉዞ ትወጣለች። ፊቷ ጠርቷል። የእኔ ደረት እዚያው እንዳለ ነው።

«ከእንግዲህ አልታመምልህም፤ ራስህ ሂድ!» አለችኝ።

ሄድኩላችሁ። ወረፋው ሴት ብቻ። የእድራችን ዳኛ ሚስት፣ እትዬ ጫልቱ፣ ለነርሷ ሽንት እንደሚያስቸግራቸው ይነግራሉ። ፕሮስቴት ሳይሆን አይቀርም ሲሉ ነርሷ አፏን ያዘች፤ የወንድ በሽታ ነዋ! ለካ ሚስቱን የላከው እኔ ብቻ አይደለሁም!

ተራዬ ደረሰ። ሐኪሟ ያን ቀን በር ላይ አይታኝ ኖሯል።

«የወይዘሮ ዘነበች ባለቤት ነዎት አይደል? ስለ እሳቸው ሊጠይቁ ነው?»

በሩ ገርበብ ብሏል። ውጭ ያሉት ሴቶች ጆሯቸውን ጣል አድርገዋል። ደረቴን አሞኛል ማለት ምን ያቅታል? እኔን ግን አቃተኝ። ላብ አጠመቀኝ።

«አዎ፣ ስለ እሷ ነው» አልኩ።

«እርስዎስ ደህና ነዎት?»

«እግዚአብሔር ይመስገን! እኔ ምን እሆናለሁ!»

ስወጣ ሴቶቹ ብድግ ብለው ተቀበሉኝ። ለሚስቱ ብሎ ሥራ ፈትቶ መጣ፣ እንዲህ ያለ ባል የት ይገኛል ተባባሉ። እትዬ ጫልቱ እጃቸውን ዘርግተው መረቁኝ።

«ዕድሜ ይስጥህ!»

ደረቴን ደግፌ አሜን አልኩ።